የጠረጴዛ መጋዛችን ጣውላ ወርውሮ መለሰ፤ ማስተካከሉን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ እንጨት ሠሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። በሳቢያን አካባቢ ስድስት ሆነን የምንሠራበት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን እንሠራለን፤ አልፎ አልፎም ደንበኛ ይዞት የሚመጣውን ቺፑድና ኤምዲኤፍ እንቆርጣለን። ዋናው መሣሪያችን የጠረጴዛ መጋዝ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በፊት ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት፣ ጠረጴዛው እዚሁ ከተማ በብየዳ የተሠራ፣ ሞተሩ ስሪ ፌዝ፣ ዲስኩም 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ስገዛው ዲስኩን ከላይ የሚሸፍነው ከለላም ሆነ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመው ቢላዋ አልነበረውም። የጎደለ ነገር መኖሩንም በወቅቱ አላወቅሁም፤ ሞተሩ ሲነሣ ሰምቼ፣ አንድ ቁራጭ ሲቆርጥ አይቼ፣ ከፍዬ ወሰድሁት።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰብን ነገር ነው። ከአንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ለበር ክፈፍ የሚሆን እንጨት በርዝመቱ እየሰነጠቅን ነበር። የሚገፋው ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት የሠራ ጎልማሳ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ሆኖ የተሰነጠቀውን የሚቀበለው ደግሞ የ17 ዓመት ተለማማጅ ነው። ጣውላው ከእኩሌታው በላይ ከተሰነጠቀ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ የተቃጠለ እንጨት ሸተተን፤ ሠራተኛዬ አጥብቆ ለመግፋት ጎንበስ ባለበት ቅጽበት ጣውላው ከጠረጴዛው ተነሥቶ በመጣበት ተመለሰ። ጎኑን ጨርፎት አልፎ ከኋላው ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ በሳው። ጎኑ በልዞ ጥቂት ቀናት ከመተኛቱ በቀር የከፋ ነገር አልገጠመውም፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ጎኑ ሳይሆን ግራ እጁ ነው። እጁ የተደገፈበት ጣውላ በድንገት ከሥሩ ሲጠፋ፣ ሰውነቱን እንደ ጣለ ወደ ፊት ሄደና እጁ ከዲስኩ አጠገብ አረፈ። ማሽኑን አጥፍተን ስናይ የጓንቱ የአውራ ጣት ጫፍ ተቀድዷል፤ ጣቱ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ሐሳቡ ተከፋፍሏል። አንጋፋው ባለሙያችን ጥፋቱ የገፊው ነው፣ ጣውላውን አጽንቶ አልያዘም ይላል። ሌላው ወፍራም የቆዳ ጓንት ግዛልን ይለኛል፤ ጣቱን ያተረፈው ጓንቱ ነው ብሎ ያምናል። ሦስተኛው ከለላ እናሠራ ሲል፣ የተቀሩት ከለላ ከተደረገ የተሰመረው መስመር አይታይም፣ ሥራም ይጓተታል ብለው ይቃወማሉ። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ከምሳ በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት የድሬ ሰው የሚያውቀው ስለሆነ፣ ሠራተኞቼ ሽርጥ አገልድመው፣ ክፍት ጫማ አድርገው ይሠራሉ፤ ይህን መከልከል እስከ ዛሬ ድፍረቱን አላገኘሁም።

ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማድረግ አይበቃም። ሙያውን የምታውቁ፣ በቅድሚያ ምን ላድርግ? የትኛውስ ነው በእውነት አደጋን የሚቀንሰው?


መልስ፦ ጡረተኛ ማሽኒስት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን እግዜር አተረፋችሁ። ጥፋቱን በገፊው ላይ የጣለውን ባለሙያችሁን ቅር እንዳይለው እንጂ፣ አጽንቶ በመያዝ ብቻ የሚቆም ነገር አልነበረም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ። በእኛ አገር 50 ኸርዝ መብራት ላይ የሚሠራ የተለመደ ፈጣን ሞተር በደቂቃ 2,800 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲስኩ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ከሆነ፣ የ300 ሚሊ ሜትር ዲስክ ጥርስ በሰከንድ 44 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የደወሌ መንገድ ሾፌሮች እንኳ በዚህ ፍጥነት አይደፍሩም። ጣውላው በዚህ ጥርስ ላይ ከተሰቀለ የሚሄደው በጥርሱ ፍጥነት ነው፤ የሰው ክንድ ደግሞ ያን ለመያዝ ጉልበቱ ቀርቶ ድንጋጤውም አይደርስለትም።

አሁን የዲስኩን አዟዟር ልብ ብለህ ተመልከት። ወደ አንተ ያለው የፊት ጥርስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ስለሚጫነው እዚያ በኩል ያለው ሥራ ሰላማዊ ነው። በስተኋላ ያለው ጥርስ ግን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ወደ አንተ ይዞራል። ስለዚህ የተሰነጠቀው እንጨት ጠብቦ ከዲስኩ ኋላ ሲቆነጥጠው፣ ወይም እንጨቱ ጠመም ብሎ በኋላው ጥርስ ላይ ሲደገፍ፣ ያ ጥርስ እንጨቱን ያነሣና ወደ ገፊው ይወረውረዋል። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ የተቃጠለ ሸተተን ያልከው መቆንጠጡ የጀመረበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ የሚደረገው አጥብቆ መግፋት ሳይሆን እንጨቱን ባለበት ይዞ ማሽኑን ማጥፋትና ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ነበር፤ ዲስኩ እየዞረ ወደ ኋላ መሳብም ያው ነው፣ አይሞከርም።

ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሲያድግ በውስጡ የያዘው ውጥረት ስላለ፣ ስትሰነጥቀው አንዳንዱ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እንደ ጉጠት ይገጥማል። በእኛ ከተማ ደረቅ ሙቀት ላይ ከላይ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጣውላ ሲሆን ይብሳል፤ ላዩን ዳብሰህ ደርቋል ብለህ የተቀበልከው ጣውላ መካከሉ ገና ውኃ ነው። መንገደኛ እንጨት ሻጭ ይህን አይነግርህም።

እንግዲህ ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው ቢላዋ ሥራው ይህን መቆንጠጥ መከልከል ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ሊገጥም ሲል ዲስኩን ሳይሆን ቢላዋውን ያገኛል፤ የኋላውን ጥርስም ከእንጨቱ ይጋርዳል። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ አውለው። ድሬዳዋ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ብረት የሚያውቅ እጅ አይጠፋባትም፤ አንድ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሠራልሃል። ልኩ ግን ከተሳሳተ ከሌለው ይከፋልና እነዚህን አትርሳ። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚቆርጠው ስፋት ግን የሚያንስ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የዲስኩ ገላ 2.2፣ ቁርጡ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቢላዋው 2.5 ወይም 2.8 ይሆናል። አንዳንዶች ከተጣለ አሮጌ ዲስክ ቆርጠው ያሠሩታል፤ ዲስኩ ካንተው ጋር እኩል ከሆነ ገላው ስለሚቀጥን አይረባም፣ ገላው ከወፈረ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ግን ብረቱ መልካም ነው። በእንግሊዝ አገር የሥራ ደኅንነት መመሪያ መሠረት በጠረጴዛው ከፍታ ላይ ቢላዋው ከዲስኩ ጥርስ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። እዚህ ላይ በአገር ውስጥ በተበየዱ ጠረጴዛዎች ዘወትር የማየውን ስሕተት ልንገርህ፦ ቢላዋውን ከጠረጴዛው ጋር ይበይዱታል። እንደዚያ ከሆነ ዲስኩን ዝቅና ከፍ ባደረግህ ቁጥር ክፍተቱ ይለወጣል። መታሰር ያለበት ዲስኩን ከተሸከመው ክፍል ጋር ነው፤ አብሮ ይውጣ፣ አብሮ ይውረድ።

ቢላዋው እስኪሠራ ድረስ ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ የምታደርገው አለ። ጋይዱ፣ ማለትም እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋበት ከዲስኩ ጎን ያለው መምሪያ፣ ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑን ለካ። ስፒናውን ነቅለህ፣ በዲስኩ ላይ አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርግ፤ ያ ጥርስ ከፊት ሆኖ ከጋይዱ ያለውን ርቀት ለካ፣ ከዚያ ዲስኩን በእጅህ አዙረህ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ወስደህ ድጋሚ ለካ። በስተኋላ ከጠበበ፣ ጋይድህ ራሱ እንጨቱን ወደ ኋላው ጥርስ እየገፋልህ ነበር ማለት ነው። ጣውላ በርዝመቱ ስትሰነጥቅም ጋይዱ ከዲስኩ እምብርት ብዙ አልፎ እንዳይሄድ አድርገው፤ የተሰነጠቀው እንጨት ወደ ጎን የሚላወስበት ቦታ ያግኝ። ለቺፑድና ለኤምዲኤፍ ረጅሙ ጋይድ ጉዳት የለውም፤ እነርሱ ውጥረት የላቸውም።

ስለ ጓንት ያነሣኸውን በአጭሩ ልመልስ፦ በሚዞር ዲስክ አጠገብ ጓንት አይደረግም። ጥርሱ የጨርቁን ወይም የቆዳውን ጫፍ ሲይዝ ጣቱን ጎትቶ ያስገባል። ሠራተኛህ የተረፈው በጓንቱ ሳይሆን ጓንቱ ቶሎ ስለ ተቀደደ ነው። ሸካራ ጣውላ ሲሸከሙ ያድርጉ፣ ማሽኑ ዘንድ ሲደርሱ ያውልቁ። በጓንት ፈንታ ከ450 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ጫፉ እንደ ወፍ አፍ የተሰነጠቀ መግፊያ እንጨት ሥሩላቸው፤ ከ300 ሚሊ ሜትር ያጠረ እንጨት ሲቆረጥ፣ የረጅሙም የመጨረሻው 300 ሚሊ ሜትር ሲቀር እጅ ይርቃል፣ መግፊያው ይተካል። መግፊያው በሽቦ ተንጠልጥሎ ከማሽኑ ጎን ይዋል እንጂ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ መግፊያ ማንም አያወጣውም።


መልስ፦ ሞተር ጠጋኝ፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ

ጋሼ ስለ እንጨቱ የተናገሩትን ልተወውና ስለ መብራቱ ልናገር፤ ምክንያቱም በጥያቄው ውስጥ እንደ ዋዛ የተጠቀሰው «በራሱ ይነሣል» የሚለው ነገር እኔን ከሁሉ ይልቅ አስደንግጦኛል። መብራት ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ዲስኩ ስለ ቆመ ማሽኑ የሞተ ይመስለዋል፤ ተጠግቶ የተያዘውን እንጨት ይነቅላል፣ ሰጋቱራውን በእጁ ይጠርጋል፣ አንዳንዴም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አሁን ያላችሁ ማብሪያ በእጅ ተገፍቶ እዚያው የሚቀር ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። እርሱን አስወጥተው ኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ የሚቆይ ማብሪያ፣ ያስገቡ፤ አረንጓዴው መነሻ ሲጫኑት ብቻ የሚሠራና የሚመለስ፣ ቀዩ ማቆሚያ ደግሞ እንደ እንጉዳይ ጎላ ያለ፣ በጉልበት ወይም በጭን ገፍተው የሚያቆሙት ይሁን። መብራት ሲጠፋ የኮንታክተሩ መጠምጠሚያ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣ ሰው እንደገና አረንጓዴውን ካልተጫነ በቀር አይያዝም። ከእርሱ ጋር ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ኦቨርሎድ አብረው ያስገጥሙ፤ ነገር ግን ኦቨርሎዱ ቀዝቅዞ በራሱ እንዲመለስ ሳይሆን በእጅ እንዲመለስ ተደርጎ ይስተካከል፤ ካልሆነ ያንኑ ችግር በሌላ በር አስገባችሁት።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስሪ ፌዝ ሞተር ሁለቱ መስመሮች ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በዲስክ ላይ ይህ ሲሆን የፊት ጥርስ ወደ ላይ ወጥቶ እንጨቱን ያነሣል፣ የዲስኩንም ማጥበቂያ ብሎን ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ የመስመር ሠራተኞች ሰፈራችሁ ላይ ሥራ ሠርተው በሄዱ ቁጥር፣ ወይም ማሽኑ ከቦታ ቦታ በተዛወረ ቁጥር፣ እንጨት ሳታስጠጉ አንድ ጊዜ ብልጭ አድርጋችሁ አዟዟሩን እዩ። ሌላው የቺንጊያው መንኮራኩር ነው። ጋሼ ያሰሉት ዲስኩ ከሞተሩ ጋር እኩል ሲዞር ነው፤ የሞተሩ መንኮራኩር 120፣ የዲስኩ 80 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ዲስኩ በደቂቃ 4,200 ይዞራል። በዲስኩ ገላ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ታትሟል፤ ከእርሱ ጋር ያስተያዩት። በብየዳ የተሠሩ ጠረጴዛዎች ላይ መንኮራኩሩ የሚመረጠው በስሌት ሳይሆን ገበያ ላይ በተገኘው ነው፤ ይህንንም የምናገረው እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንደዚያ አድርጌ ስለ ሠራሁ ነው። የጠረጴዛው ብረት መሬት ከሚገባው መስመር ጋር መታሰሩንም ያስፈትሹ።


መልስ፦ በር ሠሪ፣ ሐረር

የተባለውን ሁሉ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ነገር ግን ከላይ ስለሚደረገው ከለላ የጠያቂው ሠራተኞች የሚሉትን እንደ ስንፍና ብቻ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። እኛ ጠባብ ቅንጣቢ ስናወጣ፣ ለመስታወት የሚሆን ቦይ ስንቆፍር፣ ከለላው ወይ ከጋይዱ ጋር ይጋጫል፣ ወይ መግፊያውን አያሳልፍም። ባለሙያ ከለላውን የሚያወልቀው ዲስኩን ስለማያይ ነው፤ የማያየውን ነገር ደግሞ ከሚያየው ይልቅ ይፈራዋል። ካወለቀው በኋላ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለሌላውም ሥራ አይመልሰውም።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ራሴ ልናገር፤ ምክንያቱም ጠያቂው ስለ ጠረጴዛው መጋዝ ብቻ አነሣ እንጂ በእጅ የሚያዘውን አላነሣም፤ ማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ግን አንድ አያጣም። በእጅ የሚያዘው መጋዝ ታችኛው ከለላ በስፕሪንግ የሚመለስ ነው። የእኔው ከለላ በጥድ ሙጫና በሰጋቱራ ተጣብቆ እየዘገየ ያስቸግረኝ ነበርና፣ ከፍ አድርጌ በትንሽ የእንጨት ሽብልቅ አስያዝኩት። ሽብልቁ የክብሪት እንጨት ያህል ነበር። አንድ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ ጨረስኩ፣ ጣቴን ከማብሪያው ለቀቅሁ፣ እንደ ወትሮው መጋዙን ከጎኔ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ዲስኩ ገና አልቆመም ነበር። ወለሉን ነክሶ ወደ እኔ ተንደረደረና ከግራ እግሬ ሁለተኛውን ጣት ወሰደ፤ ያደረግሁት ክፍት ጫማ ነበር። ሙጫውን በነጭ ጋዝ ባጥበው ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ስለዚህ ሽርጡንና ክፍት ጫማውን ለመከልከል ድፍረት አጣሁ ላሉት ወንድሜ፣ ድፍረቱን ከእኔ ይውሰዱ። ሐረር ከእናንተ ከፍ ስለምትል ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለ ሙቀቱ መናገር ይቀልልኛል፤ ቢሆንም እጅጌው አጭር የሆነ፣ ከወገብ የሚጠብቅ ስስ ቱታ ለድሬም ይሆናል። የሽርጥ ጫፍ ወደ ቺንጊያው የሚገባው ሰው ወደ ዲስኩ ሲመለከት ነው።

በእጅ በሚያዘው ላይ ሌላው የማየው ስሕተት እንጨቱን በሁለቱ ጫፍ አስደግፎ ከመካከሉ መቁረጥ ነው። ሊያልቅ ሲል መካከሉ ይሰምጣል፣ ቁርጡ ይገጥማል፣ መጋዙም ወደ ቆራጩ ይዘላል። የሚወድቀው በኩል ነጻ ይሁን፤ ጥልቀቱም ከእንጨቱ ሥር አንድ ጥርስ ያህል ብቻ የሚወጣ ይሁን።


መልስ፦ ጡረተኛ ማሽኒስት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

የሐረሩ ወንድማችን ያነሣው ተገቢ ነው፤ ከለላውን ለመጫን ብዬ ሥራውን አላሳንስም። መለያየት ያለብን ግን ቢላዋውንና ከለላውን ነው። ብዙ ሰው ከለላውን በቢላዋው ላይ አሳስሮ ስለሚያየው አንዱን ሲያወልቅ ሁለቱንም ያወልቃል፤ ጥፋቱ ያ ነው። ቢላዋው ከዲስኩ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከተሠራ ቦይ ለመቆፈርም አይከለክልም፣ ዘወትር እዚያው ይኖራል። ከለላው ደግሞ ከጎን በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሠራ፣ ፊቱም ግልጽ በሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆን፣ መስመሩ አይታይም የሚለው ቅሬታ ይቀንሳል። ለጠባቡ ቅንጣቢ ጋይዱን ማቅረብ ሳይሆን፣ ጠባቡ ከጋይዱ ውጭ በኩል እንዲወድቅ አድርጎ መሰንጠቅ ይቻላል፤ በየቁርጡ ጋይዱን ማንቀሳቀስ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን መግፊያው ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ስለ ተለማማጁ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ተቀባዩ እንጨቱን አይጎትት፤ ጎትቶ ጠመም ካደረገው ራሱ መቆንጠጡን ይፈጥረዋል። በዚያው በእንግሊዙ መመሪያ መሠረት ተቀባይ ካለ ጠረጴዛው ይረዝማል፤ ከዲስኩ እስከ ጠረጴዛው መጨረሻ ቢያንስ 1,200 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ተቀባዩም ከዚያ ወዲህ አያልፍም። ገፊውም በጣውላው ልክ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቁም፤ የተወረወረው ጣውላ ባዶ ቦታ ያግኝ።


መልስ፦ የቀድሞ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ

ስለ ማሽኑ ከላይ የተጻፈው በቂ ነውና ስለ ሕጉ ብቻ ልጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት፣ ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት ማስረዳት፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን ማቅረብና በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስድስት ሠራተኛ ያለው ሥራ ቤትም አሠሪ ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ ለደኅንነት የተገጠመን መከላከያ ማንሣት ወይም ማበላሸት ተከልክሎበታል፤ ስለዚህ ከለላው ከተገጠመ በኋላ ማን እንዳወለቀው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የ17 ዓመቱ ልጅ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ «ወጣት ሠራተኞች» ይባላሉ፤ ሕይወታቸውን ወይም ጤናቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ላይ ማሠማራት የተከለከለ ሲሆን፣ የቀን ሥራቸውም ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ልጁን ከሥራ ያስወጡት ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቡ የእርሱን ገቢ ይጠብቅ ይሆናል። መለካትን፣ ማጣበቅን፣ መቀባትን ይማር፤ ወደ ዲስኩ ግን 18 ዓመት ሳይሞላው አይቅረብ።


መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ድሬዳዋ

አጭር ነገር ልጨምር። አደጋው ከደረሰ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ፤ ቀጥሎ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ እጁንም ከፍ አድርጉት። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ውኃ በማያስገባ ፌስታል አስራችሁ፣ ፌስታሉን በበረዶ ላይ አኑሩት። ጣቱ ራሱ በረዶ መንካት የለበትም፣ ውኃ ውስጥም መነከር የለበትም፤ በሁለቱም ሥጋው ይበላሻል። ቡና ዱቄት ወይም ሰጋቱራ ቁስል ላይ ነስንሰው የሚመጡ አሉ፤ ይህ ደሙን ከማቆሙ ይልቅ ማጽዳቱን ያከብደዋል።


ጠያቂ፦ እንጨት ሠሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳዘዙኝ አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርጌ ለካሁ። ከፊት 60፣ ከኋላ 58 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለአራት ዓመት ሙሉ ጋይዱ በየጣውላው ላይ 2 ሚሊ ሜትር እየጠበበ ሲሠራ ኖሯል፤ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ቃጠሎም ዲስኩ ስለ ደነዘዘ ነው እያልን በየጊዜው ስናስሞርድ ነበር። አንጋፋው ባለሙያችን ራሱ ሜትሩን ተቀብሎኝ ሦስት ጊዜ ለካው፤ ከዚያም ምንም ሳይል ጋይዱን ፈትቶ ሲያስተካክል ዋለ።

ኮንታክተሩ ገብቷል። ማክሰኞ ዕለት ከቀትር በኋላ መብራት ሄዶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመጣ፣ ማራገቢያው ተነሣ፣ ሬዲዮው ጮኸ፣ መጋዙ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ጓንቱን ለጣውላ ማውረጃ ብቻ አድርገነዋል፤ ልጁም ወደ ቀለም ክፍል ተዛውሯል፣ ምንም እንኳ ቅር ቢለውም። ቱታው ገና ነው፤ በዚህ ወር ሦስት፣ በሚቀጥለው ሦስት እገዛለሁ። ቢላዋውን ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ፤ የዲስኬ ገላ 2.2፣ ቁርጡ 3.2 ስለሆነ በ2.5 እንዲሆን ተነጋግረናል፣ ዲስኩን ከተሸከመው ክፍል ጋር የሚታሰርበትንም ሁለት ቀዳዳ አሳይቻቸዋለሁ። ሐሙስ ይደርሳል ብለውኛል። እስከዚያ ባሕር ዛፍ አንሰነጥቅም፤ የያዝናቸውን የኤምዲኤፍ ሥራዎች እንጨርሳለን።


መልስ፦ ጡረተኛ ማሽኒስት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልካም አድርገሃል ልጄ። ሐሙስ ቢላዋውን ስታስር ስፒናው የተነቀለ ይሁን። አስረህ ስትጨርስ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከዲስኩ ገላ ጋር አስጠግተህ ቢላዋው በዲስኩ መሥመር ላይ መቆሙን እይ፤ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ እንጨቱ ይጋፋዋል። ከዚያ ዲስኩን ከታች እስከ ላይ ከፍና ዝቅ እያደረግህ በየከፍታው አንድ ዙር በእጅህ አዙረው፤ የትም ቦታ ብረት ከብረት ሲነካካ ከሰማህ ወደ ቶርኖ ቤቱ መልሰው እንጂ በፋይል አንተው ራስህ አታርመው። የመጀመሪያውን ቁርጥ በደረቅ፣ ቀጥ ባለ፣ አንጓ በሌለው ጣውላ አድርግ።